እምቢ ባዩ ፕሮግራም

በሰው አገር፣ ቬሊንግቢ ከሚባል ሰፈር አጠገብ ወደነበረች አንዲት የብረት ቱቦ ማጠፊያ ወርክሾፕ ለፕራክቲክ፣ ማለትም ያለ ደመወዝ ለመለማመድ ስገባ፣ የፈራሁት ኮምፒዩተሩን ሳይሆን ሰዎቹን ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የሥዕል ፕሮግራሙን የተማርኩት ለሥራ አጦች በተከፈተ ኮርስ ነው፤ ብዙ ማውራት ስለማይጠይቅ ወደድኩት። ቱቦው የሚሄድበትን መስመር ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ውስጥ ትስያለሽ፤ ማዕዘኖቹን ታለሰልሻቸዋለሽ፤ ከዚያ ፕሮግራሙ መስመሩን ቱቦ ያለብሰዋል። መታጠፊያው ከጠበበ ቱቦው ይጨማደዳል፤ ሁለት መታጠፊያዎች ከተቀራረቡም ማሽኑ የሚይዘው ቀጥ ያለ ቦታ ያጣል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይበራል።

የምኖረው ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበር። ካልተቀጠርኩ ከእሳቸው ጋር ደረጃ ማጽዳት እንደምጀምር ቁርጡን ነግረውኛል።

«ዛሬስ ምን አሉሽ?» ይሉኛል ገና ከመግባቴ።

«ተሰበሰቡ።»

«ስለ ምን?»

«ስለሚቀጥለው ስብሰባ።»

«ወይ ጣጣ! ቱቦውን ማን ያጥፈው ታዲያ?»

የወርክሾፑ ሰዎች አይቆጡም፤ አይከለክሉምም። አንድ ነገር ካልጣማቸው «ኢንትሬሳንት»፣ ማለትም «የሚገርም ሐሳብ ነው» ይሉና ቡናቸውን ይጠጣሉ። እኔም ሰው ፊት እምቢ ማለት አልችልበትም። ስለዚህ አንድ አርክቴክት ለአረጋውያን ቤት የደረጃ መደገፊያ ሊያሠራ መጥቶ፣ «እንደ ወንዝ ይፍሰስ፤ አንድም ቀጥ ያለ ቦታ እንዳይኖረው» ሲል፣ አለቃችን «ኢንትሬሳንት» አለ፤ ቱቦዎቹን የሚበይደው ባልደረባችን፣ በያጁ፣ «በጣም ኢንትሬሳንት» አለ፤ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ማሽናችን ያንን እንደማይሠራ ሦስታችንም እናውቃለን። አርክቴክቱ ደስ ብሎት ሄደ።

ተሰበሰብን። ደግመን ተሰበሰብን። ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ አለቃችን ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ወንዙን እንዳለው አድርጌ ስዬው ስለነበር፣ ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ።

«አየህ፣» አለ አለቃችን ፊቱ በርቶ፣ «እኔማ ደስ ባለኝ፤ ፕሮግራሙ ነው እንጂ።»

«ፕሮግራሙ ነው» አለ በያጁም፣ ለቅሶ የደረሰ ይመስል።

አርክቴክቱ ከፕሮግራም ጋር ምን ይከራከራል? ቀጥ ያሉት ቦታዎች ገቡ።

ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት የከበደው ሁሉ ደንበኛውን እየጎተተ ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣ ጀመር። «እስቲ ኮምፒዩተሩን ጠይቂልን።» አንድ ጊዜ አለቃችን በያጁን ቅዳሜ ሊያሠራው ፈልጎ ሁለቱም እኔ ጋ መጡ። ኮምፒዩተሩ ስለ ቅዳሜ እንደማያውቅ ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ።

ፕራክቲኩ ሊያልቅ ሲል ስለ እኔ ትንፍሽ ያለ የለም። አክስቴ የጽዳት ጓንት ገዝተው አልጋዬ ላይ አስቀመጡልኝ። በነጋታው አለቃችን ቡና ሲቀዳ ጠጋ ብዬ፣ «ትቀጥረኛለህ ወይስ አትቀጥረኝም?» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ግራ ቀኝ ቃኘ፤ ከእኛ በቀር ማንም የለም። «እቀጥርሻለሁ» አለና እንደ ሌባ ጆሮው ቀላ።

ከምሳ በኋላ ስብሰባ ጠርቶ፣ የቅጥር ውሌን ፊቱ አስቀምጦ፣ ብቻውን በመወሰኑ ሁላችንንም ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔንም ጭምር። በያጁ ይቅርታው ከባድ ስለሆነ ሐሙስ ተሰብስበን ብናስብበት አለ። ሁሉም ተስማሙ። እኔ ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ ፈረምኩ።