ቬርሊን በረት አትገባም

ቬርሊንን በረት አስገብቶ ያሳደረ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። በረት የምትለው ካምፑን ነው። አልጋና ማብሰያ ያለው ቤት መኪና የያዘ ሰው ሁሉ በቁጥር በተሰመረ ቦታ ላይ ከጎረቤቱ ጋር ተለጥፎ፣ ውሃና መብራት ተስቦለት፣ ከፍሎ የሚያድርበትን ባለ አጥር ግቢ። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክራዋለች። ቤቷን ሸጣ መኪና ውስጥ መኖር በጀመረች በወሩ፣ ደክሟት ከአንዱ ካምፕ በር ላይ ብትቆም፣ በረኛዋ የመኪናውን ወረቀት አገላብጣ አየችና ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ግቢውን ስለሚያበላሽ አይገባም አለቻት። ቬርሊንም «እኔ ራሴ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እኔስ አላበላሽም?» ብላት መሪዋን አዙራ ወጣች። ይሄን ታሪክ አርባ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በተነገረ ቁጥር በረኛዋ ትወፍራለች።

እኛ የምንኖረው አሪዞና በረሃ ላይ ነው፤ ክረምቱን ማለቴ ነው። በጋ ሲገባ ሙቀቱ ሳይጠብሰን ወደ ጥዱ ተራራ እንወጣለን። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ አጥር የለው፣ ኪራይ የለው። ሕጉ አንድ ነው። አንድ ቦታ ከዐሥራ አራት ቀን በላይ መቆም አይቻልም። በዐሥራ አራተኛው ቀን ጎማህን ነፍተህ ሃያ አምስት ማይል ርቀህ ትሄዳለህ። የመሬቱ ጠባቂ ሴትዮ በየጊዜው ብቅ እያለች የመጣንበትን ቀን ትመዘግባለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን ቀን አትረሳም። እንግዲህ መንዳት የቻለ ይኖራል፤ ያልቻለ ወደ ልጆቹ ወይም ወደ በረት ይሄዳል።

ከቬርሊን ጋር የተዋወቅነው በኔ ጅልነት ነው። ከባሌ ጋር ተለያይቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ለቅቄ፣ መኪና ገዝቼ በረሃ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ቅቤ የመሰለች አሮጌ ቤት መኪና ነበር። ብቻዬን መሆን ፈርቼ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ወጣች። ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ግራ ቀኙን፣ ከአድማስ እስከ አድማስ፣ ባዶውን ሁሉ ቃኘችው።

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ በረሃ ጠቦሽ ነው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። መኪናዬን አስነስቼ እየተመናጨቅሁ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ አሸዋ ውስጥ እስከ መኪናዬ ሆድ ሰጠምኩ። አካፋ ይዛ በእግሯ መጣች። አልሳቀችም፣ ወይም ጀርባዋን ሰጥታ ስቃ ይሆናል። ጎማ አስተንፍሶ ከአሸዋ መውጣትን፣ በአንድ ጠርሙስ ውሃ ገላ መታጠብን፣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ መቆምን ያን ዕለትና በሚቀጥሉት ሳምንታት አስተማረችኝ። ኔብራስካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ቤት አውቶቡስ ነድታለች። አንድም ቀን አደጋ አላደረሰችም። ይሄን የምትናገረው ሌላው ሰው የልጁን ምረቃ እንደሚናገረው ነው።

ሁለት ያልተጻፉ ሕጎችም አሉን። አንደኛው የወንበር ነው። ወንበርህ ውጭ ተዘርግቶ ከታየ ና፣ ተቀመጥ፣ አውራ ማለት ነው። ከታጠፈ ግን የመጣው ይምጣ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ሁለተኛው፣ ሰው አይጠየቅም። ከየት መጣህ፣ ምን ሆንክ፣ ለምን ብቻህን ነህ አይባልም። ያልተናገረውን አታይበትም። እኛ ከሰው አፍ ሸሽተን የመጣን ስለሆንን ይሄን ሕግ እንደ ሃይማኖት ነው የምንይዘው። እኔም ይዤው ነበር፤ ያስጠየቀኝም እሱ ነው።

ሦስተኛው ክረምታችን ላይ፣ ቬርሊን አንድ ነገር ሆነች። ስመጣ ከሩቅ ትጠራኝ የነበረችው ሴትዮ ድምፄን እስክትሰማ መጠበቅ ጀመረች። ቡና ስትቀዳልኝ ጣቷን ኩባያው ውስጥ ከትታ ነው ልኩን የምታውቀው። ደብዳቤ ሲመጣላት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በዓይኗ ጠርዝ ለማንበብ ትታገላለች፣ ወረቀቱ በስተግራ፣ አፍንጫዋ በስተቀኝ። አንድ ቀን የታሸገ የኮክ ፍሬ ጣሳ መስሏት ባቄላ ከፍታ በስኳር አቀረበችልኝ። በላሁት። ጣፋጭ ነው አልኳት። ምን ቆርጦኝ ልናገር? ሰው አይጠየቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ።

የመሄጃ ቀን ሲደርስ ደግሞ «አንቺ ቅደሚ» ትለኝ ጀመር። «አቧራሽን ልብላ፣ እኔ ብዙ ሰው አስበልቻለሁ።» እየሳቅሁ ቀደምኩ። ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ስናደርግ የኔን መኪና ነጭ ጀርባ ተከትላ እንደምትነዳ አልገባኝም ማለት ውሸት ነው። ገብቶኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።

በጥር አጋማሽ አንድ ረፋድ ላይ ተነሣን። ዋናውን መንገድ ይዘን ስንሄድ አንድ ሰውዬ የውሃ ጀሪካን ተሸክሞ በመንገዱ ጠርዝ በእግሩ ይሄዳል። እኔ ራቅ ብዬ አለፍኩትና በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ቅቤዋ መኪና ቀጥ ብላ መጣች። አልራቀችም፣ አልቀነሰችም። ሰውየው ጀሪካኑን ጥሎ ቦዩ ውስጥ ተወረወረ። ተነሥቶ ቡጢውን ሲያወናጭፍ አየሁት። ቬርሊን ከኋላዬ በሰላም ትነዳለች።

አዲሱ ቦታ ደርሰን ወንበሯን እንኳ ሳትዘረጋ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ሰውየውን አየሽው?»

«የቱን ሰውዬ?»

ነገርኳት። ምንም አልቀነስኩላት። ተናድጄ ነበር፣ በሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። እጇን በመኪናዋ ላይ አሳርፋ ቆመች።

«ልጅ ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አይደለም። ትልቅ ሰው ነው። ምንም አልሆነም።»

«ልጅ ቢሆን ኖሮም አላየውም ነበር» አለችና ገብታ በሯን ዘጋች።

ሦስት ቀን ወንበሯ እንደታጠፈ ዋለ። በአራተኛው ቀን ሕጉን ጥሼ በሯን ደበደብኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የመኪናውን ቁልፍ ታገላብጣለች። ሐኪም ካያት ዓመት አልፎታል አለችኝ። የዓይኗ መኻሉ ነው የሄደው፤ ዳር ዳሩ ቀርቷል፤ የሚመለስም አይደለም። ለልጇ ለኮሪን ደውላ ሁሉንም ነግራታለች። ኮሪን በዐሥራ አራተኛው ቀን ትመጣለች። ወንዝ ዳር ባለ ካምፕ ውስጥ የምትከራይ አንዲት ክፍል ተገኝታለች፣ መኪናዋም ትሸጣለች።

እኔ ተቆጣሁ። የነገርኩሽ እንድትተይ እንጂ እንድትሸጪ አይደለም፣ መንዳቱን እኔ እነዳልሻለሁ፣ እኔ ባልችል ኦርቫል አለ አልኳት። ኦርቫል እንደኛው በረሃ የሚያድር የቀድሞ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ጉልበቱ ቢያመውም ዓይኑ ደህና ነው። ቬርሊን እምቢ ብላ ድርቅ አለች። በየሁለት ሳምንቱ ሰው ደጅ የምጠና ዕቃ አይደለሁም አለች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ጭኜ አንድ ቀን ተሸክመንሻል ያለኝ የለም» አለችኝ። «አሁን እኔ ልጫን?»

«እነሱን ስትጭኚ ከብደውሽ ነበር?» አልኳት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወንበሯን አወጣችው።

ኮሪን መጣች። ክፉ ነገር ልላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። በጥርስ ሐኪም ቤት ጽሕፈት የምትሠራ፣ ጫማዋ ለአሸዋ የማይሆን፣ ንጹሕ ሴት ናት። እናቷን አቅፋ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ የላላውን የጣሪያ ብሎን አይታ ማጥበቅ ጀመረች። እኔን አንቱ እያለች ታናግረኛለች። እናቷን ከሞት ልታድን ነው የመጣችው። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ይሄኑ አደርግ ነበር፤ ይሄ ነው ያናደደኝ።

መነሻችን ደረሰ፣ ጠባቂዋም በጠዋት አልፋ ቀኑን አስታወሰችን። የኔን መኪና በማለዳ ወደሚቀጥለው ቦታ ወስጄ አቁሜ ኦርቫል መልሶኛል። ቬርሊን እኔም አብሬ እንድሄድ ፈልጋለች። «ከኋላ ሰው ካለ አንጣላም» አለች። ኮሪን ወደ ካምፑ ልትነዳ መሪውን ያዘች፣ እኔ ከኋላ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ቬርሊን በቀኝ በኩል ገባች። በዚያች መኪና ውስጥ በዚያ ወንበር ተቀምጣ አታውቅም። ቀበቶው በየት በኩል እንዳለ አጥታው እጇ አየር ላይ ዳበሰ። ኮሪን ስባ አሰረችላት።

መንገድ ላይ አሮጊቷ አላረፈችም። ማርሹን አታስጩኺው፣ ፍሬኑን ቀደም ብለሽ ነው፣ መስታወት እዪ፣ መስታወት። ማየት የማትችል ሴት ከሚያየው ሁሉ በላይ መንገዱን ታውቀዋለች። የት ጉድጓድ እንዳለ፣ የት አስፋልቱ እንደሚጠብ ከመድረሳችን በፊት ትናገራለች። ኮሪን ከንፈሯን ነክሳ ትነዳለች። ከዚያ ወደኋላ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«እሺ፣ በረሃ ብትቀር በየሁለት ሳምንቱ ማን ይነዳላታል?»

«እኔ።»

«እርስዎ ሲታመሙስ?»

«ኦርቫል። ሁለታችንም ስንታመም ጠባቂዋ ትቀጣናለች እንጂ አትበላንም።»

«አንድ ቀን ወድቃ ብትገኝስ?»

ካምፕ ውስጥም ሰው ይወድቃል ልል ነበር፤ ግን ልጅ ለእናቷ ስትጠይቅ እንዲህ አይመለስም። ቬርሊንም መስታወት እዪ ማለቱን ተወች።

ከፊታችን የባቡር ሐዲዱ መጣ። ከሐዲዱ ማዶ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ወንዙና ወደ ካምፑ፣ ቀኙ ወደ እኛው በረሃ። መዝጊያ እንጨት የለውም፣ መብራት የለውም፣ አንድ ጠማማ ምልክት ብቻ። ባቡር በቀን አንዴ ቢያልፍ ነው፣ ሰው ሁሉ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነው የሚሻገረው። ኮሪን ግን ሐዲዱ ጋ ስትደርስ መኪናዋን ቀጥ አድርጋ አቆመች። ሞተሩ እየሠራ እጇን በእናቷ ጭን ላይ አሳልፋ በእናቷ በኩል ያለውን በር ከፈተችው።

ግራ ገባኝ። ሁለቱ ግን ግራ አልገባቸውም። የተማሪ አውቶቡስ ሕጉ ይሄ ነው። ሐዲድ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ በር ይከፈታል፣ ሾፌሩ ያዳምጣል፣ ልጆቹም ጸጥ ይላሉ። ኮሪን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በእናቷ አውቶቡስ፣ ከእናቷ ጀርባ ተቀምጣ ነው የተማረችው። ነፋሱ ገባ። ቬርሊን ጭንቅላቷን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ከኋላ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ባቡር የለም» አለች ቬርሊን። «ሂጂ።»

ኮሪን አልሄደችም። መሪውን እንደያዘች አለቀሰች። ከኋላችን አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋብን። ቬርሊን በሩን ዳብሳ አገኘችና ዘጋችው።

«ልጄ፣ ሰው እየጠበቀን ነው» አለቻት ቀስ ብላ። «መሪው አንቺ ጋ ነው። መንገዱን የሚመርጠው መሪውን የያዘው ሰው ነው፣ እኔ አልጨቃጨቅሽም። ተሻገሪ።»

ኮሪን ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሐዲዱን ተሻገርን። መገንጠያው ጋ ስንደርስ በመስታወት አየችኝ።

«እናንተ ሁልጊዜ በየት በኩል ነው የምትታጠፉት?»

«በቀኝ» አልኳት።

ቬርሊን እጇን ዘርግታ የልጇን ክንድ አገኘች። «ከመታጠፍሽ በፊት መስታወት እዪ» አለቻት።