የሐጂ ጃማ ግድግዳ

ጥሩነሽን የማያውቅ ሰው ጅግጅጋ ውስጥ ብርቅ ነው፤ ሥራዋን የሚያውቅ ግን ከዚያም ይብሳል። አያቷ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሷ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ባለሙያዎቹ ሁሉ የሚሠሩበትን የጋራ የኮምፒውተር ሞዴል ስትጠብቅ ስምንት ዓመቷ ነው። አርክቴክቱ በር ይከፍታል፤ የቧንቧው ሰው በበሩ መሃል ቧንቧ ያሳልፋል፤ የብረቱ ሰው ሁለቱንም ሳያይ ምሰሶ ይተክላል። እሷ ሦስቱን አስታርቃ፣ ድርብርቡን አጥፍታ፣ ፋይሉን አቅልላ ለምስል ሠሪዋ ለሹክሪ ታስረክባለች።

ሹክሪ ፀሐይ ታወጣበታለች። በቃ። ግድግዳውን ቀለም ቀብታ፣ ዛፍ ተክላ፣ በሩ ላይ ነጭ ላንድክሩዘር አቁማ ምስል ስታደርገው ደንበኛው "ማሻአላህ፣ ማን ሠራው?" ይላል። ጣት ሁሉ ወደ ሹክሪ። ያኔ ጥሩነሽ የምትስቀው ሳቅ ከጥርስ በቀር ምንም የለበትም። "ሙሽራዋን ያጠብኩ፣ ያለበስኩ እኔ፤ የምትመሰገነው ኩል የኳለቻት" ትላለች ለጎረቤት።

አምና የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ዒጋል "ሐጂ ጃማን ያስደሰተልኝ ሰው የደወሌውን ሆቴል ሥራ ይመራል" አለ። ሐጂ ጃማ የድንበር ከተማዋ የደወሌ ነጋዴ ነው፤ ሆቴሉም የሱ ነው። ከሆቴሉ በፊት ለሚሠራው መኖሪያ ቤት አጥብቆ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከወንዶቹ እንግዳ መቀበያ ወጥ ቤቱ እንዳይታይ መሃል ላይ ግድግዳ ይቁም።

ጥያቄው ለሹክሪ አልተነገራትም ነበር፤ ጥሩነሽ ለሷ የምትሰጠውን ቅጂ ስታቀልል ያንን ግድግዳ ደበቀችው። እጄ ስቶ ነው ትላለች። ስምንት ዓመት ያልሳተ እጅ።

ምስሉ ሲያልቅ ሹክሪ "አባዮ፣ እህቴ፣ የጎደለ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀቻት።

"አንቺ የሠራሽው ምን ይጎድለዋል?"

ሐጂ ጃማ ከሚስቱ ከኢዲል ጋር መጣ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲበራ ፊቱ ጠቆረ።

"ግድግዳዬስ?"

ዒጋል ወደ ሹክሪ ዞረ። ጥሩነሽ ሻይዋን ፉት አለች፤ እንደዚያ የጣፈጣት ሻይ የለም።

ኢዲል ግን ሳቀች። "ሃያ ዓመት ሙሉ ስንት እንግዳ እንደመጣ የማውቀው የበር ላይ ጫማ ቆጥሬ ነው። አንድ ቀን ጫማቸውን መኪና ውስጥ ጥለው የገቡ አራት ሰዎች ምሳው ሳይበቃ ቀርቶ አሳፈሩኝ። አሁን ከምድጃዬ ሆኜ ራስ እቆጥራለሁ።"

"አንቺን ቢያዩሽስ?" አለ ሐጂ።

"መጋረጃ እሰቅላለሁ። እሱን ስፈልግ እገልጠዋለሁ፤ ያንተን ግድግዳ ማን ይገልጠዋል?"

ሐጂ ጢሙን አሻሸ።

"ይሄን ያሰበው ሴት ነው። ማናችሁ?" አለች ኢዲል።

"ምስሉን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች ሹክሪ፣ ሌላ የምታውቀው ስለሌለ። ኢዲል አቀፈቻት።

ጥሩነሽ አፏን ከፈተች። "ግድግዳውን ያነሳሁት እኔ ነኝ" ብትል፣ "ለምን?" የሚለው ይከተላል። መልሳ ዘጋችው።

የሆቴሉ ሥራ ለሹክሪ ሆነ። ዒጋል እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ "ጥሩነሽ፣ ያንን ግድግዳ ከጋራው ሞዴልም አጥፊልኝ" አላት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት፤ በዚያ ቀን አሳቧን የጠየቃት እሱ ብቻ ነው። አዎ የሚለውን ተጫነች።