ፀሐይን ፍለጋ በገጠሩ መንገድ

ያን ቅዳሜ መኪናው ውስጥ የነበርነው አራት ነን፦ ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ ግርማ፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጄ ሜሮን፣ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽና እኔ።

ጎህ ሲቀድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ለሁለት ሰዓት መንገድ ብርድ ልብስ፣ ድፎ ዳቦ፣ የራስ ምታት ኪኒንና ሁለት ጃንጥላ ጫንኩ።

«ስደት ነው እንዴ?» አለ ግርማ።

የምንሄደው የሜሮንን የክርስትና እናት ፀሐይን ፍለጋ ነው። ድሮ እዚሁ ቅርባችን፣ አሌክሳንድሪያ፣ በር ለበር ኖረናል። ኋላ ገጠር ገብታ፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት እያደረች ትጦራቸው ጀመር። ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ግን ስልኳ ተቋርጧል። ምን ሆና ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ረፋድ

ከትልቁ ጎዳና ወጥተን ጠባቡን የስቴት መንገድ ያዝን። የበቆሎ ማሳ፣ የፈረስ አጥር፣ ቀይ ጎተራ። መንገድ ዳር እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ ሻጭ የለም።

«እማ፣ አድሬሱስ?» አለች ሜሮን።

«ቤተ ክርስቲያኑን አለፍ ብሎ፣ በረንዳ ያለው ነጭ ቤት» አልኩ በኩራት። ፀሐይ የነገረችኝ የመንገዱን ስምና ይህን ብቻ ነው። ሰው ጠይቀን እንደርሳለን ብዬ የቤቱን ቁጥር አልጠየቅኋትም።

መንገዱ አጭር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን አራት ነው። ቤቱ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም ባለ በረንዳ። የሚጠየቅ ሰው የለም። ጫፍ ደርሰን ተመለስን፤ እንደገና ሄድን።

«ያችን ላም ጠይቂያት፤ ለምዳናለች» አለ ግርማ።

«አንተስ ምን ሾፌር ነህ! ከኤርፖርት ሌላ አታውቅ» አሉት እትዬ በላይነሽ።

እኩለ ቀን

ሣር የሚያጭዱ ሽማግሌ አገኘን። ሜሮን ብቻዋን እንዳትሄድ ተከተልኳት፤ ውሻው ሲጮህ ከኋላዋ የተደበቅሁት ግን እኔ ነኝ።

ሜሮን ስለ ፀሐይ ጠይቃ፣ ሰውየውን ሰምታ ያለወትሮዋ በአማርኛ ነገረችን፦ «አሮጊቷ ሞተዋል። ፀሐይ ጥቁር ለብሳ፣ ወንበር ደርድራ፣ በረንዳው ላይ መሬት ተቀምጣ ስታለቅስ ሰነበተች። ወንበሩ ለማን ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ የት እንደሆነ አያውቁም።»

ከግርማ ጋር ከመኪናው ወርደው የመጡት እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ለቅሶ ተቀምጣ ደራሽ አጣች» አሉ።

የማላውቀው ሰው ለቅሶ እንኳ የማይቀረኝ ሴትዮ፣ የፀሐይ ቀረብኝ።

ሽማግሌው ቤቱን አሳዩን፤ ተዘግቷል። ፖሊስ ይመጣብናል ብዬ እየፈራሁ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ሰውየው ትንሽ አመነቱና፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባችን ተቀመጡ።

ፀሐይ ቀጭን ረዥም ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አሌክሳንድሪያም ሆነ ጀርመንታውን ያያችኋት ካላችሁ፣ እባካችሁ ያለችበትን ለዚህ ጋዜጣ ንገሩልኝ።