«ምን» ነው እንጂ «ማን» አይደለም

ያ ኮረብታ ስም የለውም። ካርታው ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን «ራሰ በራው» እንለው ነበር፣ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረበትምና። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ የእኛ የጦር ጓድ እሱ ላይ ምሽግ ቆፍሮ ያዘ። ይህን የማወራችሁ ጀግና ነበርኩ ልል አይደለም። አንድ ዘፈን ስላቃጠለኝ ነው።

ዘፈኑን ታውቁታላችሁ። ከቆቦ እስከ ጎብዬ ያለ ባጃጅ ሁሉ ይከፍተዋል። ሠርግ ላይ ኦርጋኑ ሲጀምረው ደግሞ የማይነሳ የለም።

«መጣሁ መጣሁ ብለሽ፣ ታች ወርደሽ የቀረሽ፣
ማን አግኝቶሽ ይሆን፣ እንዲህ ያዘገየሽ?»

ይህን ሰምታችሁ «አይ ሴት!» ትላላችሁ። ኧረ በናታችሁ! ሴት የት አለች?

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በጓዱ ውስጥ የራያ ልጆች ሦስት ነበርን። ሰይድ የጎብዬ፣ መንገሻ የሮቢት፣ እኔ አራጌ የቆቦ። ሰይድና መንገሻ አንዱ ያለ አንዱ እህል አይቀምስም። ሲዋደዱ ደግሞ እንደ አገራችን ወግ «አንቺ» ነው የሚባባሉት።

«አንቺ ሰይዴ፣ ክብሪት አለሽ?»

«የለኝም! ትናንት የወሰድሽውን የት አደረግሽው፣ አንቺ ሌባ?»

ከሌላ አገር የመጡት ወታደሮች ይስቁብን ነበር። እኛ ምን ገዶን።

አንድ ቀን ከንጋት ጀምሮ ሞርታር ወረደብን። ከቀትር በኋላ ጋብ አለ። ውሃ ጨርሰናል። ምንጩ ከኮረብታው ሥር፣ ገደሉ ውስጥ ነው። ተራው የሰይድ ነበር። ጀሪካኑን አንጠለጠለ። «መጣሁ» አለ። ወረደ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥይት ጮኸ። አንድ ብቻ። ከቁም ነገር አልቆጠርነውም፤ ቀኑን ሙሉ ስንቱ ሲጮህ ውሎ።

ሰይድ ዘገየ። መንገሻ ሊያበሽቀው ከምሽጉ ሆኖ በዜማ ይጠራው ጀመር። ያችን ግጥም እዚያው ነው የፈጠራት። «ምን አግኝቶሽ ይሆን» ነው ያለው። ምን! እኛም ሳቅን። ሰይድ ከታች ሆኖ ስድቡን እስኪልክልን ጠበቅን። አልሰደበንም። መንገሻ ደግሞ ጠራው። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁ ተሰበረ፤ ያኔ ለሁላችንም ገባን።

ጀምበር ስትጠልቅ ወረድን። ምንጩ አጠገብ ተደፍቶ አገኘነው። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር፤ ክዳኑን እንኳ ገጥሞታል። ተሸክመነው ወጣን። ውሃውንም ጠጣነው። ምን እናድርግ፣ ጠምቶን ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገሻ ያችን ዜማ አልተዋትም። በጥበቃም በእረፍትም እሷን ነው። ሌሎቹም ጓዶች ተማሯት። በሚቀጥለው ማጥቃት እሱም ወደቀ። ዜማዋ ግን ከወታደሩ ጋር ከተማ ገባች። አንድ ዘፋኝ አገኛትና «ምን»ን «ማን» አድርጎ ካሴት አወጣባት። አንዲት ፊደል ናት የቀየረው፤ አሁን እስቲ ምን ይሉታል ይህን!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በተውኩት። ሰይድ ዘሀራ የምትባል እጮኛ ነበረችው፤ ጎብዬ ላይ ሻይ ቤት አላት። ሰው መቼም ወሬ አያጣም። «ዘፈኑ ሰይድ ስለ እሷ የገጠመው ነው። ሌላ ወዳ ሲሰማ ነው ራሱን ለጥይት የሰጠው» ተባለ። በመንገድ ስታልፍ ባለባጃጆቹ ድምፁን ከፍ ያደርጉባታል። ይህን ዓመታት ችላ ኖረች።

በኋላ ኑሩ የሚባል፣ ጎብዬ ጤና ጣቢያ ተመድቦ የመጣ ሰው ለትዳር ጠየቃት። ታላቅ ወንድሙ ይማም ከአገሩ መጥቶ «ወታደር ያስገደለችውን ሴት? በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ብሎ ነገሩን አቆመው። ወሬው ቆቦ ሲደርሰኝ ደሜ ፈላ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሻይ ቤቷ ውስጥ ወንድማማቾቹን አስቀምጬ ለእናንተ ያወራሁትን አወራሁላቸው።

ይማም በትዕግሥት ሰማኝና «ይቅርታ ጋሼ፣ ዘፈኑ እኮ "ቀረሽ" ነው የሚለው» አለኝ።

«አዎ!»

«ሴት ናታ እንግዲህ።»

«ወንድ ነው! በእኛ አገር የሚወዱት ወንድ "አንቺ" ይባላል!»

«ወንድ ልጅ? "ቀረሽ"? እንዴት ሆኖ?»

ላብድ ምንም አልቀረኝም። ቆሜ ልወጣ ስል አንድ አዛውንት ከነከዘራቸው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ኑሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አንቺ ዶክተር! እዚህ ተቀምጠሽልኛል፤ መድኃኒቴን መቼ ነው የምትሰጭኝ?»

ይማም አዛውንቱን አየ፤ ጺማሙን ወንድሙን አየ። ቀና ብሎ እኔን ማየት አቃተው። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አለ።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ወደ ዘሀራ ዞርኩ። ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቆማለች።

«አራጌ» አለችኝ፣ «"ምን" ነው ያለው?»

«ምን ነው።»

«"ማን" አላለም?»

«አላለም። ያለውም መንገሻ ነው። ሰይድማ ግጥሟን ሰምቷትም አያውቅ።»

ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ቁጭ አለች። «የሰይድ ግጥም ናት አሉኝ። ወሬ አድርሰውበት፣ ተቀይሞኝ የሞተ መስሎኝ ነው የኖርኩት።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሲወርድ ምን አለ?»

«መጣሁ አለ።»

«እኔንም ሲሰናበተኝ እንደዚያው ነው ያለኝ» አለች።

እኔ ሞኙ ግጥሟ የመንገሻ መሆኗን የምታውቅ መስሎኝ! የሰፈሩ አፍ ነው የጎዳት ስል፣ ለካ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ዘመን ከሟች ጋር ተጣልታ ነው የኖረችው።

ኒካው ታሰረ፤ ይማም ራሱ ምስክር ሆኖ ቆመላት።

ራሰ በራው ላይ የቀሩት ሰይድ፣ መንገሻ፣ መትረየስ ተኳሹ ደሴ፣ የመቶ አዛዣችን፣ ስሙን ሳንጠይቀው የቀበርነው አዲስ ምልምል ናቸው። እነሱን ጦርነት በላቸው፤ ምን ይደረጋል። ዘሀራን ግን የበላናት እኛው ነን፣ እየጨፈርን። ዘፈኑን ተዉ አልላችሁም። ዝፈኑት፣ ጨፍሩበት፣ መንገሻም ጨዋታ ይወድ ነበር። «ምን» በሉ ብቻ።