ናድያ ፊት ከመንካቷ በፊት የምትጠይቀው

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የማንንም ፊት አልነካሁም። አሠሪዬ ናድያ ነጭ ጋዋን ሰጠችኝ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስታጠበችኝ፣ ጥፍሬን ገልብጣ አየች፤ ከዚያ “በይ አልጋው ላይ ውጪ” አለችኝ። የመጣሁት ልሠራ ነበርና ግራ ገባኝ። “ተኝቶ የማያውቅ ሰው የተኛን ሰው ፊት መያዝ አይችልም” አለች።

ተጋደምሁ። ፀጉሬን በጨርቅ ሸብ አደረገችና የማጉያውን መብራት ወደ ፊቴ ሳበችው። ብርሃኑ ዓይኔን ቢያስጨፍነኝም ከላይ ሆና እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብጉሬ፣ የአፍንጫዬ ቀዳዳ፣ ከከንፈሬ በላይ ያለው ጠጉር ሁሉ ተገልጦ። አፈርሁ። ናድያ መብራቱን መለሰችና “ምን ተሰማሽ?” አለች። “ኀፍረት” አልኋት። “እዚህ የሚተኛ ሁሉ የሚሰማው እሱ ነው። እወቂው” አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ በዚሁ አለቀ።

ናድያ የሐይፋ ተወላጅ ዐረብ ናት። የፊት እንክብካቤ ቤቷ ሀዳር በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነበር፤ በመጋረጃ የተለያዩ ሁለት ክፍሎች። እኔ በልጅነቴ ከጎንደር ከወላጆቼ ጋር ወደ እስራኤል መጥቼ እዚያው ሐይፋ አጠገብ ቲራት ካርሜል ያደግሁ ነኝ። የግዴታ ውትድርናዬን ጨርሼ ከሠራዊቱ ስወጣ የኮስሜቲካ፣ የፊት እንክብካቤ፣ ኮርስ ወስጄ ዲፕሎማ ይዣለሁ። በኮርሱ የተለማመድንባቸው ፊቶች ግን ሁሉም ነጭ ነበሩ። ከናድያ ጋር የምንግባባው በዕብራይስጥ ነው። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው “አንቺ” እላታለሁ፤ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ “እርስዎ” ማለቴ አይቀርም ነበር።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ቀለሙ በጥጥ ይነሣል፣ ፊቱ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፣ በማጉያው ይታያል። ቆዳው የሚችል ከሆነ እንፋሎት ይሰጠዋል፤ ከዚያ የተደፈነው ቀዳዳ በጋዝ ጨርቅ በተጠቀለለ ጣት ይጸዳል። በመጨረሻ ማስክና የፀሐይ መከላከያ ክሬም። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ናድያ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ወንበር ስባ ትቀመጥና ትጠይቃለች። ምን ሥራ ትሠሪያለሽ? ፀሐይ ላይ ነው የምትውይው ወይስ ማቀዝቀዣ ሥር? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ? ስትቆስዪ ጠባሳሽ ይጠቁራል? ትናንት ማታ ምን ተቀባሽ?

አንዲት አስተማሪ ጓደኛዋ የተደረገላትን የጭቃ ማስክ ፈልጋ መጣች። “ፊቷ እንደ መስታወት ሆኗል፤ ለእኔም እሱኑ አድርጉልኝ” አለች። ናድያ ጉንጯን በጣቷ ጫፍ ዳበሰቻት። “የጓደኛሽ ፊት ወዛም ነው፤ ጭቃው ወዙን ይመጥለታል። ያንቺ ደረቅ ነው። ካንቺ ምን ይመጠጣል?” ሴትዮዋ ሳቀች። ናድያ የሚያረጥብ ማስክ አድርጋላት በዘይት አሸቻት፤ ስትወጣ ጉንጯ ለስልሶ ነበር።

ሌላ ጊዜ ከቲራት ካርሜል የፋብሪካ ሰፈር ጉንጩ የቆሳሰለ አንድ በያጅ መጣ። ሚስቱ ናት አስገድዳ የላከችው። ጥርሱን ሊነቅሉት የመጡ ይመስል አልጋው ላይ ድርቅ ብሎ ተኛ። “ጭንብልህን ስታወልቅ ፊትህን በምን ትጠርጋለህ?” አለችው ናድያ። “በእጅጌዬ።” “እንግዲያው ያቆሰለህ እጅጌህ ነው” አለችና የእንፋሎቱን ማሽን ወደ ጥግ ገፋችው። ምክንያቱን ስጠይቃት “ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ለሚውል ሰው ሙቀት አልጨምርም” አለችኝ። በቀዝቃዛ ጨርቅ ብቻ ሠራችው። ሰውየው እያንኮራፋ ተኛ።

የምነግራችሁ ትልቁ ነገር ግን የሺራና የእናቷ ነው።

ወይዘሮ አንጓች ከክርያት አታ በአውቶቡስ ልጃቸውን ይዘው መጡ። እሳቸው የእናቴ እኩያ ናቸው፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አዛውንት ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ። ሺራ እዚሁ የተወለደች፣ ከሠራዊቱ በቅርቡ የወጣች ልጅ ናት፤ ሠርጓ ተቃርቧል። ወይዘሮ አንጓች ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። “እሰይ! የኛ ልጅ አለችበት እንዴ!” ብለው አገላብጠው ሳሙኝ።

ሺራ ቁጭ እንዳለች ስልኳን ለናድያ ዘረጋችላት። “ይኸን ነው የምፈልገው። ጠንካራውን ፒሊንግ። የላይኛው ቆዳ ይላጣል፣ ከሥሩ አዲስ ይወጣል። ለሐቱናው ይደርስልኛል፣ ቤሰደር?” አለች። ሐቱና የምትለው ሠርጓን ነው፤ ቤሰደር ደግሞ ‘እሺ?’ ማለቷ ነው።

ናድያ መብራቱን ሳበች። እኔም ከኋላዋ ሆኜ አየሁ። ጉንጮቿ ላይ እንደ ማዲያት ያለ ጥቁረት አለ። አፏ ዙሪያ ቀያይ ሽፍታ ወጥቷል። ቆዳው ሳስቶ ደም ሥሩ ይታያል።

“ማታ ማታ ምን ትቀቢያለሽ?”

“ምንም።”

“ጠዋትስ?”

“ምንም አልኩሽ። ሳሙና ብቻ።”

ናድያ አልተከራከረቻትም። መብራቱን አጠፋችና “ዛሬ ፒሊንግ አላደርግልሽም” አለቻት።

ሺራ ከአልጋው ብድግ አለች። “ለምን? ጥቁር ስለሆንኩ ነው?”

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ናድያ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። “አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ ቁጭ በይና ልንገርሽ። የእንዳንቺ ያለ ቆዳ ሲቆስል ቁስሉ ይድናል፣ ጥላው ግን ይቀራል። ዛሬ ጠንካራ አሲድ ባፈስብሽ ለሠርግሽ ይዘሽ የምትሄጂው ጥላውን ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ ቆዳሽ ታሟል። የታመመ ቆዳ አልልጥም።”

“ሌላ ቦታ ያደርጉልኛል።”

“ያደርጉልሻል” አለች ናድያ። “ለዚህ ነው የምለምንሽ።”

የቤት ባለቤት ሆና፣ ደንበኛዋን አትክፈይኝ ብላ የምትለምን ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት።

ወይዘሮ አንጓች በሩ አጠገብ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ናድያ አየቻቸውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “እናትየውን ወዲያኛው ክፍል አስገቢና ፊታቸውን እጠቢላቸው። ስጦታ ነው በያቸው” አለችኝ።

“ኧረ ምን ሲደረግ! የአሮጊት ፊት ማን ያየዋል?” አሉኝ።

“ይተኙ ግድ የለም፣ እማማ። በሠርጉ ቀን እርስዎም ይታያሉ።”

ጫማቸውን አወለቅሁላቸው። ሙቅ ጨርቅ ፊታቸው ላይ ሳኖርላቸው ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ጨርቁን አንሥቼ መብራቱን ስስብ ግን እጄ ቆመ። ያው ቅላት፣ ያው የሳሳ ቆዳ፣ ያው ደም ሥር። አንገታቸው የራሳቸው ጠይም መልክ ነው፤ ፊታቸው የሌላ ሰው ይመስላል።

ናድያ እንደምትጠይቀው ጠየቅኋቸው። “እማማ፣ እርስዎስ ማታ ምን ይቀባሉ?”

ዕንባቸው ወደ ጆሮአቸው ወረደ።

“በእኔ ነው የመጣባት፣ ልጄ። አንዲት የሚያፈካ ክሬም በቦርሳ ይዛ የምትሸጥ ሴት አለች። ብልቃጡ ጽሕፈት የለውም። ሥራ ስጀምር አንዱ ሽማግሌ ‘በዚያ ጥቁር እጅሽ አትንኪኝ’ አሉኝ። እሳቸውን እያጠብኋቸው እኮ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው የምቀባው። እኔስ ለምጀዋለሁ፤ ልጄን እንዲያ የሚላት እንዳይኖር፣ ትፍካልኝ ብዬ ሰጠኋት። ለማንም አትንገሪ ያልኋት እኔ ነኝ። የምትዋሸው እኔን እንዳታሳፍር ነው።”

እጃቸውን ይዤ “ለናድያ ልንገራት?” አልኋቸው። “ለልጄ የሚበጅ ከሆነ ንገሪያት” አሉ።

ነገርኋት። ናድያ ገብታ ወንበር ሳበች፣ ከፊታቸው ትይዩ ተቀመጠች። ትገሥጻቸዋለች ብዬ ሰግቼ ነበር። “አንድ በአንድ ተርጉሚልኝ” አለችኝ። “የእኔም እናት ተቀብታለች በያቸው። በወጣትነቷ፣ እንድትፈካ ብላ። ይህን ሙያ የያዝሁት የእሷን ፊት እያየሁ ነው። እርስዎ ለልጅዎ የሰጧት ፍቅር ነው በያቸው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን ሐኪም ብቻ የሚያዝዘው ዓይነት መድኃኒት ይመስለኛል።”

አብረን ስንሠራ ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር።

መጋረጃው ተገለጠና ሺራ ገባች። ሰምታለች። እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ “ዳይ፣ እማ፣ በቃ አታልቅሺ” አለቻቸው። ከዚያ ወደ ናድያ ዞረች። “ምን ላድርግ?”

“የቆዳ ሐኪም። እናትሽም አንቺም። አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ያን ነገር ስትተዪው ፊትሽ ይቆጣል። ለሠርግሽ ንጹሕ ፊት ይኖርሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም።”

ናድያ ራሷ ስልክ ደውላ ቀጠሮ አስያዘችላቸው። ሐኪሟ ጥሩ ሴት ነበረች። የጠረጠርነው ትክክል ነው አለች፤ ክሬሙ ስቴሮይድ የሚባለው ቆዳ የሚያሳሳ መድኃኒት ሳይኖርበት አይቀርም። እንዴት ቀስ እያሉ እንደሚተዉት አስረዳቻቸው። ለናድያም ደውላ እንፋሎትና ማሸት እንዳይደረግ ነገረቻት። ሁለቱ ስለ አንዲት ልጅ ፊት እንደ እኅትማማቾች ሲመካከሩ እሰማቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራንላት ጥቂት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ የጋዝ ጨርቅ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ የፀሐይ መከላከያ። አንድ ቀን ፊቷ ነድዶ፣ አብጦ መጣች። “ሠርጉን አራዝመዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት አልቆምም” አለች። ናድያ ጋዙን አርጥባ ፊቷ ላይ አኖረችና አጠገቧ ተቀመጠች። “ብታራዝሚውም እመጣለሁ፣ ባታራዝሚውም እመጣለሁ” አለቻት። ሌላ አልመከረቻትም። ጋዙ ሲሞቅ ትለውጣለች፣ እንደገና ትቀመጣለች። ሺራ ስትነሣ ስለ ማራዘም ያነሣችው ነገር አልነበረም።

በሠርጓ ቀን ያስዋብኋት እኔ ነኝ። ቅላቱ በርዷል፤ ጥቁረቱ ግን ከጉንጯ ገና አልለቀቀም። ቀድማ የገዛችው ፈካ ያለ የፊት ቀለም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልከፍተው ስል እጄን ያዘችኝ። “አይ። የእኔን ቀለም አድርጊልኝ” አለች። ቡናማዎቹን በእጄ ጀርባ ላይ ቀላቅዬ ከአንገቷ ጋር እያስተያየሁ ቀባኋት። ወይዘሮ አንጓች ከኋላ ቆመው ያያሉ። ስጨርስ ጠጋ ብለው አገጯን ቀና አደረጉት።

“ልጄን አየኋት” አሉ።

ናድያም መጣች። ሴቶቹ መካከል አስገብተዋት ትከሻዋን ልታስጨፍር ብትሞክር እምቢ አላት፤ ወይዘሮ አንጓች እስኪያነቡ ሳቁባት።

ክረምቱ ሲገባ ወይዘሮ አንጓች በዕረፍት ቀናቸው ብቻቸውን መጡ። “ዛሬ በስጦታ አይደለም፤ ቀጠሮ ይዤ ነው የመጣሁ” አሉኝ፣ ቀና ብለው። ናድያ ራሷ ሠራቻቸው። ጥያቄዋን አንዱንም አልዘለለችም፤ እኔ እተረጉማለሁ። ምን ይሠራሉ ስትላቸው ስለሚያጥቧቸው አዛውንቶች አንድ በአንድ ነገሯት፤ ማን ትኩስ ውኃ እንደሚወድ፣ ማን እግሩን ሲነኩት እንደሚስቅ። ናድያ “እንግዲያው የሙያ ባልደረባዬ ነዎት” አለቻቸው። ማስኩ ሳይደርቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ናድያ መጋረጃውን ዘጋችና ቀጣይዋን ደንበኛ ወደ እኔ ክፍል አዛወረቻት።

ናድያ አሁን ሥራ ትታለች። እኔ ክርያት አታ የራሴን ክፍል ከፍቻለሁ። እንደ እሷ ያለ እጅ የለኝም፤ አጠያየቋን ግን ይዣለሁ።

ወደ ሙያው ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ሕክምና የሚመረጠው ለቆዳው ነው፤ ቆዳው ደግሞ የሚታወቀው ባለቤቱ ሲጠየቅ ነው። መልሱ ቢዘገይ ጠብቁ። ቆዳው ከታመመ ወደ ሐኪም ላኩ፤ የዚያን ቀን ሥራችሁ እሱ ነው። ፊታችሁን ለማሠራት የምትሄዱም፣ ምንም ሳይጠይቅ እጁን የሚዘረጋ ባለሙያ ቢገጥማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።