ሁሉን እኔ ልሥራ ያለው ቁራጭ

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ዛሬም እዚህ ዓረብ አገር፣ ዲራ በሚሉት ገበያ፣ የዓረብ ቀሚስ እሰፋለሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፤ ማድ ቤት ማንንም አላስጠጋም።

ዛሬ ልጄ ሰናይት ኮምፒውተሯ ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። ጃቫስክሪፕት በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የመሥሪያ ቤቷን ድረ ገጽ ትሠራለች። ኮምፖነንት የሚሉት አንድ የገጽ ቁራጭ ፎቶውንም ዋጋውንም ትዕዛዙንም ተሸክሟል፤ ፎቶውን ስትነካ ዋጋው ይጠፋል። ሙዲሯ፣ አለቃዋ ማለት ነው፣ ደግሞ «ዛሬ ካላስረከብሽ ነገ አትምጪ» ብሏታል።

«እጅጌና ኮሌታ ከነኪሱ ባንድ ቁራጭ ይቆረጣል እንዴ? ያላ፣ ለያይተሽ ቁረጪና ስፊው!» አልኳት።

ሦስት ቦታ ለያየችው። ሠራ! ኩራቴን ብታዩ፤ ፊደል እንኳ የማነበው በግድ ነው።

«አባባ፣ አንተም እኮ እንደዚያ ቁራጭ ሁሉን ብቻህን ተሸክመሃል። ማብሰሉን ለእኔ ልቀቅ» አለችኝ።

ኸላስ፣ በቃ ለቀቅሁ። ሽሮው ግን የእኔ ነው!

እናንተ ቤትስ እንዲህ ያለ ግትር አለ? ጻፉልኝ፣ ሰናይት ታነብልኛለች።