ሁለተኛው ቅጽ በሚዛን

በዚያ ዘመን ሰው ስኳር፣ ሳሙናና ጎማ ይሰበስብ ነበር። እኔ የምሰበስበው ከሞቱ የቆዩ የእንግሊዝ ሃያስያን እርስ በርሳቸው የተነቋቆሩባቸውን መጻሕፍት ነበር። ልብ ወለዱንና ግጥሙን አይደለም፤ እሱንማ ሁሉም ይወዳል። እኔ የምወደው በቆዳ የተጠረዘ፣ የገጾቹ ጠርዝ ወርቅ የተቀባ፣ ስለ ሌላ ሰው ግጥም ያለ አንዳች ኀፍረት ሦስት ቅጽ የሚጽፍ ደፋር ነው። አብዮቱ ለዚህ አመሌ ተመቸኝ ብል ማን ያምነኛል? ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሲወጡ ምንጣፉንም ፍሪጁንም ሸጡ፤ እነዚህን መጻሕፍት ግን መርካቶ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች እንደ ምርቃት ጥለዋቸው ሄዱ። ነጋዴዎቹም ከእኔ ሌላ ገዢ እንደሌላቸው ስለሚያውቁ፣ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "የሙታን ዘመድ መጣ!" ይሉ ነበር።

ከክምችቴ ውስጥ የአንዱ ሃያሲ ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ነበረኝ፤ ግን አንደኛውና ሦስተኛው ብቻ። ሰውየው በአንድ ባለቅኔ ላይ ክርክሩን በአንደኛው ቅጽ ከፍቶ በሁለተኛው ይዘጋል፤ በሦስተኛው ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ሁለተኛውን ለዓመታት ፈልጌ አጣሁት። ባለቤቴ መደርደሪያውን እያየች "ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ይመስላል" ትለኝ ነበር።

የምንኖረው ንፋስ ስልክ ነበር፤ ወደ ላፍቶ ሲወርዱ ገና ማሳ ነው። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ከሰፈራችን ሱቅ የገዛችውን ምስር ሰፌድ ላይ ስትገለብጥ፣ መጠቅለያው እጄ ገባ። ፊደሉን አወቅኩት። የወርቁን ጠርዝ አወቅኩት። በገጹ ግርጌ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቅጽ ሁለት ይላል። መጠቅለያውን ሰፌዱ አጠገብ ጥዬ፣ ምስሩ ሳይለቀም እኔ ሱቁ ደርሻለሁ።

ባለሱቁ ከደቡብ የመጣ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። መጽሐፉ ከሚዛኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከቆራሌው በኪሎ ገዝቶት ኖሮ፣ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ እየገነጠለ ይጠቀልልበታል።

"ይሄን መጽሐፍ ሽጥልኝ" አልኩት።

"አልሸጥም ጋሼ። በምን ልጠቅልልዎ ታዲያ? በጋዜጣ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋዜጣው ላይ ማን እንዳለ ያውቁ የለ?"

አውቃለሁ። በፊት ገጹም በኋላ ገጹም ሊቀመንበሩ አሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለ አንድ ነጋዴ በእሳቸው ፎቶግራፍ በርበሬ ጠቅልሎ ተገኝቶ፣ "የአብዮቱ መሪ ዓይን ላይ በርበሬ ነሰነስክ" ተብሎ ቀበሌ ሲጠየቅ ውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ ወረቀት ከመቅደዱ በፊት ገጹን አገላብጦ ያያል። አገሪቱ ውስጥ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር የሚመረምሩት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

"እዚህም እኮ ሰው አለ" አልኩት፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የሃያሲውን ጢም እያሳየሁ።

"እሱን ማን ያውቀዋል? ሚጥሚጣ ቢነሰነስበትም አያስነጥሰውም!" ሳቀና ጥቂት አሰበ። "የሚመዝነውን ያህል ወረቀት ያምጡና ይውሰዱት። ሰው የሌለበት ወረቀት።"

ቤቴን በረበርኩ። ከመሥሪያ ቤት የተሰጡን መጽሔቶች ላይ ሊቀመንበሩ አሉ፤ ከቀበሌ የታደሉን ላይ ሦስቱ ጢማም የሶሻሊዝም አባቶች አሉ። ሰው የሌለበት ወረቀት የእኔ ብቻ ነበር፤ በታይፕ የተመቱ፣ አርታኢው "ትግል የላቸውም" ብሎ የመለሰልኝ መጣጥፎች። ስለ ቀብር ላይ ንግግር የጻፍኩትን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። መጽሐፉ ንቅንቅ አላለም። ስለ ስብሰባ ማዛጋት የጻፍኩትንማ ቀበሌ እጅ ከሚገባ እሳት ይብላው ብዬ ቤት ትቼዋለሁ፤ ስለ ሠርግ ግጥም የጻፍኩትን ጨመርኩ።

"ትንሽ ይቀረዋል ጋሼ።"

"አርታኢውም እንደዚሁ ነው ያለኝ" አልኩና ስለ አገራችን ሃያስያን የጻፍኩትን ጫንኩበት። ሚዛኑ ተስተካከለ።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሃያሲው ባለቅኔውን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ እንደገና ያነሳዋል። በመጨረሻ ታላቅ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት፣ ገጹ የለም። ዓመታት የጠበቅኩት ፍርድ ተገንጥሏል።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ጎረቤታችን የሆኑ ሴትዮ ጨው ገዝተው፣ ስሜ የተመታበትን መጠቅለያ እያነበቡ ቆመዋል።

"አንተ ነህ ይሄን የጻፍከው? ሟች ሁሉ ደግ ነበር ይባላል ብለህ ታሽሟጥጣለህ! ታዲያ እኔን ምን ልትለኝ ኖሯል? ክፉ ነበረች?"

"እትዬ፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ እኮ..."

"ቀጣዩ በሽንብራ ሄዷል። አንድ ጨው ላይ የሚያልቅ ጻፍ! ደግሞ የእኔ ቀብር ላይ እንዳትናገር።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበብኩ፣ ተተቸሁም። ፈገግታዬን ለመደበቅ ወደ ባለሱቁ ዞርኩና የመጽሐፉ መጨረሻ ለማን እንደሄደ ጠየቅኩት።

"መጨረሻውማ እርስዎ ቤት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ምስር ከእኔ ሲወስዱ የከረሙት እነማን ሆኑና?"

ወደ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቴ ወጥ እያማሰለች ነበር።

"ያ ጠርዙ የሚያብረቀርቀው? ከሰል አያያዝኩበት። ቶሎ ነው የሚቀጣጠለው።"

"ምን እንደሚል እንኳ አላየሽም?"

"ከሰል ሳያይዝ ላንብብ እንዴ? ይልቅ እጅህን ታጠብ።"

ታጠብኩና በላሁ፤ ምስሩ ጥሩ ነበር። በልቼ ስጨርስ ሁለተኛውን ቅጽ ከወንድሞቹ መካከል አቆምኩት፤ ከሁለቱም ይሳሳል፣ ክፍተቱን ግን ሞልቷል። ፍርዱን መስጠት ለእኔ ቀረና ሰጠሁ፦ ባለቅኔው መካከለኛ ነው። እስካሁን የተቃወመኝ የለም።